ከስቶክሆልም እስከ ሞላሌ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

በውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው አንድ ቀን ይህን ሂሳብ መሥራቱ አይቀርም። እኔ የሠራሁት በጥር ወር 1999 ዓ.ም. እናታችን መንዝ፣ ሞላሌ ላይ ያረፈች ዕለት ነበር። ተሳሳትኩም።

ታናሽ ወንድሜ የሚኖረው ስቶክሆልም ነው። ከዚያ ፍራንክፈርት በአየር መስመር 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። አውሮፕላን ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት ከ850 እስከ 900 ኪሎ ሜትር ስለሚበር፣ ጉዞው አንድ ሰዓት ተኩል የሚሞላ አይመስልም። ትኬቱ ላይ የሚታየው ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። የበረራ ጊዜ የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰ ጀምሮ መድረሻው ላይ እስኪቆም በመሆኑ፣ መንደርደሩም ሆነ ለማረፍ ዝቅ ማለቱ ይገባበታል።

ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ 5,300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሰባት ሰዓት ገደማ ይወስዳል።

ቀሪው ከአዲስ አበባ ሞላሌ ነው። በአየር ቢለካ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና ግን ከ200 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ደብረ ብርሃን ድረስ 130 ኪሎ ሜትር አስፋልት ነው። ከዚያ ጣርማ በር ላይ የደሴውን መንገድ ትቶ ወደ ግራ መታጠፍ ይመጣል፤ ያኔ ከዚያ ወዲያ ያለው ጠጠር ነበር። ጉም ከወረደ መኪና እንደ በቅሎ ነው የሚሄደው። ስድስት ሰዓት ይፈጅብን ነበር። ከስቶክሆልም ፍራንክፈርት ያለውን ርቀት አንድ ሰባተኛ ለመጓዝ ከሁለት እጥፍ በላይ ጊዜ ማለት ነው።

የኔ ስህተት ግን ኪሎ ሜትሩ ላይ አልነበረም። ወንድሜ በስልክ «ስድስት ተኩል ላይ አዲስ አበባ እገባለሁ» አለኝ። እኔ የቀኑ ስድስት ተኩል መሰለኝና ለአጎታችን እንዲሁ ነገርኳቸው። ሽማግሌዎቹ አሰቡት፤ በዚያ ሰዓት ቦሌ የገባ ሰው ሞላሌ የሚደርሰው መሽቶ ነው። ቀብሩ በማግስቱ ጠዋት አምስት ሰዓት እንዲሆን ቆረጡ።

ትኬቱ ላይ የነበረው 6:30 ግን በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 12:30 ነው። ወንድሜ በጠዋት ከቦሌ ሲደውልልኝ ነገሩ ገባኝ። የሞላሌ ስልክ አልገባ አለን። ስምንት ሰዓት ላይ ስንደርስ ሰዉ ከቀብር ተመልሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። ሽማግሌዎቹ አልበደሉም፤ የፈረዱት እኔ በነገርኳቸው ሰዓት ነው።

ስለዚህ እንግዳ ለሚጠብቅ ሰው ይህን እላለሁ። ትኬት ላይ ያለው የመነሻም ሆነ የመድረሻ ሰዓት የየከተማው የራሱ ሰዓት ነው። ጀርመንና ስዊድን በክረምታቸው ከእኛ ሁለት ሰዓት፣ በበጋቸው አንድ ሰዓት ወደኋላ ይቀራሉ። ለፓስፖርትና ለሻንጣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይያዝ። ለመኪናው መንገድ የሚጠየቀው ርቀቱ ሳይሆን የሚፈጀው ጊዜ ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ደግሞ መንገዱ ክፍት መሆኑን አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። ከሁሉ በፊት ግን «በሀበሻ ስንት ሰዓት ነው? ጠዋት ነው ቀን?» ብሎ መጠየቅ። እኔ ያልጠየቅሁት ይህችን ነው።