የቤት ግድግዳና የቆጠራ መደብ

የሕዝብና የቤት ቆጠራ ታሪክ በሚወሳበት ጊዜ አስቀድሞ የሚነሣው የሰው ቍጥር ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ በ1976 ዓ.ም.፥ ሁለተኛው በ1987 ዓ.ም. ተካሂዷል፤ በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው ሦስተኛውም 73,750,932 ሕዝብ መዝግቧል። ይሁን እንጂ ቆጣሪው በየደጃፉ ቆሞ «የዚህ ቤት ግድግዳ ከምን የተሠራ ነው?» ብሎ መጠየቁን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ከቆጣሪዎቹም መካከል መምህራን ስለ ነበሩ ነገሩ እኛን ይመለከታል።

የጥያቄው ምክንያት ግልጽ ነው። ግድግዳ የቤቱን ዕድሜ፥ እሳትንና ዝናብን የመቋቋም ኀይሉን፥ የባለቤቱንም አቅም በመጠኑ ያመለክታል። ስለዚህ መጠይቁ እንጨትና ጭቃ፥ ድንጋይና ጭቃ፥ ድንጋይና ሲሚንቶ፥ ብሎኬት፥ ሸክላ፥ ቀርከሃና ሸምበቆ እያለ ይዘረዝራል፤ ከነዚህ ለማይገባውም «ሌላ» የሚል ስፍራ ይተዋል።

ከመደቦቹ ሁሉ ብዙ ቤት የያዘው እንጨትና ጭቃ ነው። ይህም በአዲስ አበባ የራሱ ታሪክ አለው። ከተማዪቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ በአካባቢዋ የነበረው ደን እየተመናመነ ሄደ፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ግን ፈጥኖ እያደገ ለቋሚውም ለማገሩም በቃ። ጭቃውም ከጭድ ጋር ተቦክቶ ይመረግበታል። ዳሩ ግን በኖራ የተለሰነው፥ ወለሉ ሳንቃ የሆነው ሰፊ ቤትና ዘመም ያለችው ደሳሳ ጎጆ በአንድ መደብ ይጻፋሉ። በሲሚንቶ የተለሰነ የጭቃ ቤትም ከመንገድ ለሚያየው ግንብ ይመስላል፤ መጠይቁ የሚሻው ግን ልስኑን ሳይሆን ግድግዳው የቆመበትን ነገር ነው።

ከመዲናዪቱ ወጥተን ብንመለከት፥ የትግራይ ሕድሞና በሐረር ጀጎል ውስጥ ያለው የጥንት ቤት ሁለቱም ድንጋይና ጭቃ ተብለው በአንድነት ይቈጠራሉ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው በጋሞ ደጋ ያለው የዶርዜ ቤት ነው። ከቀርከሃ እንደ ቅርጫት ተሠርቶ ከመሬት እስከ ጫፉ አንድ ሆኖ ስለሚቆም፥ ግድግዳው አብቅቶ ጣራው የሚጀምርበት ወሰን የለውም። ምስጥ ግርጌውን ቢበላው የተበላው ተቈርጦ ቤቱ ያጥራል እንጂ አይፈርስም፤ ባለቤቱ ቢሻም በሰው ትከሻ ወደ ሌላ ስፍራ ይወሰዳል። ለዚህ ቤት «ቀርከሃ» ብሎ መጻፍ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ለጊዜው ከተተከለ የሸምበቆ ዳስ ጋር ያስተካክለዋል።

ያለ መደብ ቆጠራ ሊኖር አይችልም። ሆኖም መደብ የዕውቀት መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው አይደለም። እንግዲህ ተማሪዎቻችን የየሰፈራቸውን ግድግዳ ለይተው እንዲመድቡ ስናዝዛቸው፥ ከመጻፋቸው አስቀድሞ ቤቱን የሠራውን አናጢ፥ ጭቃውንም የመረገውን ሰው እንዲጠይቁ እናስተምራቸው። የትኛው ቤት ይታደስ፥ የትኛውስ ይፍረስ ብሎ የሚወስን ሹም፥ በዐይኑ ያላየውን ቤት የሚያውቀው ቆጣሪው በጻፈለት አንድ ቃል ነውና።