ሁለት ኢየሱሳውያንና ዐፄ ሱስንዮስ

የዐፄ ሱስንዮስን መንግሥት የጣለው የካቶሊክ እምነት ነው ሲባል ይሰማል። አባባሉ ሐሰት ባይሆንም ጎዶሎ ነው። ያው እምነት፣ በዚያው በኢየሱሳውያን (ጀዝዊት) ማኅበር፣ በሁለት ሰዎች በኩል መጥቶ ሁለት የተለያየ መልክ ይዟልና። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት መጀመሪያ ሲሞክር በመንገድ ተይዞ የመን ውስጥ ሰባት ዓመት ያህል በምርኮ ማቀቀ። በ1603 በሁለተኛው ሙከራ ሲገባ ታላቁ ሀብቱ ትዕግሥት ነበር። ግዕዝና አማርኛ ተማረ፤ ሕፃናትን አስተማረ፤ ከሊቃውንት ጋር ተከራከረ፤ ጎርጎራ ላይ ግንብ አሠራ፤ በ1618 የዓባይን ምንጭ ግሽ ላይ አየ። ሱስንዮስም ምርኮን ያውቀዋል። በልጅነቱ በኦሮሞዎች ተማርኮ አብሯቸው ኖሯል፤ የውጊያ ስልታቸውንም የተማረው ከእነርሱ ነው። ከዚያም ዙፋን እስኪይዝ ድረስ ዓመታት በሽፍትነት ተንከራቷል። ንጉሡ ከፖርቹጋል ወታደር መፈለጉ ባይዘነጋም፣ እነዚህን ሁለት ሰዎች ያቀራረባቸው ፖለቲካና ነገረ መለኮት ብቻ ነው ማለት ያስቸግራል።

ይህ ሲባል ግን ፓኤዝን ከደም ንጹሕ አድርጎ መሣል አይገባም። እርሱ በሕይወት ሳለ፣ በ1617፣ አዲሱን ትምህርት ተቃውመው ከተነሡት ጋር የቆሙት አቡነ ስምዖን ተገድለዋል። ገራም ጠባይ ያለው ሰው ያሳመነው ንጉሥም ሰይፍ ይመዛል።

ፓኤዝ በ1622 ሞተ። በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ በፖርቹጋል የነገረ መለኮት መምህር የነበረ ሰው ነው፤ አገሩንም እንደ ተማሪ ሊያርመው ተነሣ። በ1626 ሱስንዮስ ደንቀዝ ላይ ለሮም መታዘዙን በመሐላ አረጋገጠ። ከዚያ ሕዝቡ ዳግም ይጠመቅ፣ ካህናቱ ዳግም ክህነት ይቀበሉ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደ አዲስ ይባረኩ ተባለ፤ ጾሙና በዓሉ ተለወጠ፤ ግዝረት ተከለከለ። ልብ በሉ፤ አንድ አረጋዊ ቄስ ዕድሜ ልኩን ያጠመቀው ጥምቀት ከንቱ ነበር መባሉ ነው። ይህን የሚታገሥ ገበሬም መነኩሴም አልነበረም።

ዓመፁ ከዳር እስከ ዳር ተቀጣጠለ። በ1632 ወይና ደጋ ላይ ንጉሡ የላስታውን መልክአ ክርስቶስን ድል አደረገ። ነገር ግን በሜዳው ላይ በሺዎች የወደቁት የራሱ ሕዝብ፣ ክርስቲያኖች ነበሩ። ሱስንዮስ ብዙም ሳይቆይ፣ ሁሉም ወደ አባቶቹ እምነት እንዲመለስ በአዋጅ ፈቀደ፤ ዙፋኑንም ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ።

ፋሲለደስ ሜንዴስን ከአገር አባረረ። የሱስንዮስን ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስንም እምነቴን አልለውጥም ስላለ አጋዘው፤ ኋላም አስገደለው።

ሱስንዮስ በዚያው ዓመት ሞተ፤ የተቀበረውም አዘዞ ነው። ለሕዝቡ የአባቶቹን ሃይማኖት ቢመልስም፣ እርሱ ራሱ እስከ መጨረሻው ካቶሊክ ነበር።