የቴዎድሮስ የመጨረሻ ጓዝ

«ከተማ» የሚለውን ቃል ዛሬ የምንሰማው ከሲሚንቶና ከአስፋልት ጋር አያይዘን ነው። ጥንት ግን ንጉሥ ድንኳኑን ተክሎ የሰፈረበት ሁሉ ከተማ ነበር፤ «ከተመ» ማለትም ሰፈረ፣ አረፈ ማለት ነው። የአካባቢው እንጨት ተቆርጦ ሲያልቅና የገበሬው ጎተራ ሲራቆት፣ ከተማው ራሱ ተነሥቶ ወደ ሌላ ምድር ይሄዳል። ስለዚህ የነገሥታቶቻችን ታሪክ በአንድ ወገኑ የጓዝ ታሪክ ነው፤ የመጫንና የማራገፍ፣ ስንቅ የመስፈርና የአጋሰስ ቁጥር የማመዛዘን ታሪክ። ይህ ወገን ግን ግጥም አይወጣለትም ተብሎ ነው መሰለኝ፣ ደራስያኖቻችን እምብዛም አልደከሙበትም።

ዐፄ ቴዎድሮስን እንውሰድ። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በስማቸው ተውኔት ደርሰዋል፤ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን፣ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን ጽፈዋል። እኛ አንባቢዎችም ሽጉጡን አሳምረን እናውቃለን። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አፋፍ ላይ የተተኮሰችው አንዲት ጥይት ከመቶ ሃምሳ ዓመታት በኋላም በጆሯችን ታቃጭላለች። ከዚያች ጥይት በፊት የነበሩትን ስድስት ወራት ግን ስንቶቻችን እናስባቸዋለን? ንጉሡ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ቤታቸውን ያዛወሩባቸውን፣ ያንን ሁሉ ብረት፣ ያንን ሁሉ ሕዝብ በገደል ያወረዱባቸውንና በገደል ያወጡባቸውን ወራት?

እኔ ቀን ቀን በባንክ መስኮት ተቀምጬ የሰው ገንዘብ የምቆጥር፣ ማታ ማታ ስንኝ የምቋጥር ሰው ነኝና ነገሩን በሒሳብ ዓይን ባየው አንባቢ ይቅር እንደሚለኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ከዓመታት በፊት ከደሴ ወደ ባሕር ዳር ተዛውሬ ስሄድ፣ እንደ ሙያዬ ወግ በአንድ ቅጠል ወረቀት ላይ ወጪዬን ዘርዝሬ ነበር፤ የመኪና ኪራይ፣ ጫኝና አውራጅ፣ የሦስት ወር ቅድሚያ የቤት ኪራይ፣ ከሥሩም «ልዩ ልዩ» የምትል ሆዷ የማይታወቅ መስመር። ዕቃዬን የጫነችው አነስተኛ አይሱዙ በወልድያ በኩል ዞራ ጋሸና ከወጣች በኋላ ደብረ ዘቢጥን፣ ጨጨሆንና ነፋስ መውጫን አልፋ ደብረ ታቦር ስትደርስ ገና ቀን ነበር። ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጬ ጨጨሆን ቁልቁል ስመለከት ነው ጥያቄው የመጣብኝ። ይህንን አገር ንጉሡ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ያውም መንገድ ሳይኖር፣ መድፍ እየጎተቱ ሲያቋርጡት ስንቅ የሰፈረላቸው ማን ነው? ወጪውንስ የከፈለው ማን ነው?

በ1859 ዓ.ም. ማብቂያ ደብረ ታቦር መቀመጥ የማይቻልባት ከተማ ሆና ነበር። ሸዋ ምኒልክ ከመቅደላ ካመለጡ ከ1857 ዓ.ም. ወዲህ ከእጅ ወጥቷል። ላስታን ዋግሹም ጎበዜ፣ ትግራይን ደጃዝማች ካሣ ይዘውታል። ጎንደር በዚያው በ1859 ዓ.ም. ኅዳር ላይ በራሳቸው በንጉሡ ጦር ተዘርፋ ተቃጥላለች። የቀረው በጌምድር ነበር፤ እሱም ቢሆን በየሸለቆው ሸፍቷል። በአንድ ወቅት በስድሳ ሺሕ ይገመት የነበረው ጦር በኩብለላ መንምኖ ወደ ጥቂት ሺሕ ወርዷል።

የጊዜው መንግሥት በጀት ምን እንደሆነ ማወቅ ይህንን ለመረዳት ይረዳል። የንጉሥ ካዝና የገበሬ ጎተራ ነው። ጦሩ በየአገሩ ይመራል፤ ገበሬውም ግብሩን በእህል፣ በማር፣ በከብት ይከፍላል። አገር ሲሸፍት ግብር ይቀራል፤ ግብር ሲቀር ጦሩ መዝረፍ ይጀምራል፤ ዝርፊያው ያልሸፈተውንም ያሸፍታል። በእኛ ቤት ይህ ወለዱን ትቶ ዋናውን መብላት ይባላል። በነገሡበት ዘመን ገበሬው በእርሻው፣ ነጋዴውም በንግዱ እንዲሰማራ አዋጅ ያስነገሩት፣ ዘራፊ ወታደርንም ይቀጡ የነበሩት ቴዎድሮስ ናቸው። በ1859 ዓ.ም. የበጌምድርን መንደሮች ያቃጠሉትም እሳቸው ናቸው። ሁለቱን ቴዎድሮሶች ማስታረቅ ለእኔ ቀላል ሆኖ አያውቅም፤ የሚያስታርቁ ጽሑፎችንም በጥርጣሬ አነባለሁ።

መሄድ ግድ ሆነ። ወዴት? በ1848 ዓ.ም. ወሎን ሲዘምቱ ወደ ያዟት አምባ፣ ግምጃ ቤቱም፣ እስረኞቹም፣ መጻሕፍቱም ወደ ተከማቹባት መቅደላ። እንግዲህ ወጪ ቆጣቢ ሰው ቢሆን በበቅሎ የሚጫነውን ጭኖ፣ የማይጫነውን ትቶ ይሄዳል። የንጉሡ ነገር ግን ሌላ ነበር። በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ያቀለጧቸው መድፎች አሉ፤ ከሁሉም በላይ ሴባስቶፖል አለ። ክብደቱ ሰባት ቶን ያህል ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሰባ ኩንታል። በቅሎ አይሸከመውም፤ ሠረገላ ያስፈልገዋል። ሠረገላ ደግሞ መንገድ ይፈልጋል፤ መንገድም የለም። ስለዚህ መንገዱን መሥራት የጓዙ አንድ ክፍል ሆነ።

በ1860 ዓ.ም. መስከረም ሲያልቅ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ። ቤቱን አቃጥሎ የሚለቅ ሰው የመመለሻ በጀት አልያዘም ማለት ነው። ከወታደሩ ይልቅ ሴቱ፣ ሕፃናቱ፣ እስረኛውና ተከታዩ የሚበዛበት ያ ሰፈር በየቀኑ ጥቂት ይነቃነቃል፤ ከፊቱ ዓለቱ በባሩድ ይፈነዳል፤ ከኋላ በመቶ የሚቆጠር ሰው ገመድ ይዞ ይስባል። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ፣ አፈር እየዛቁ ሥራውን ይጀምሩ እንደነበር በዚያን ጊዜ በአገሩ የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በአሞራ በረራ ቢለካ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ነው። የደረሱት በመጋቢት አጋማሽ ነው። ባካፍለው በቀን አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። እርግጥ ሰው አሞራ አይደለም፤ መንገዱ ይጠማዘዛል። በዋድላና በደላንታ መካከል የጅጣ ወንዝ ገደል አለ፤ ጥልቀቱ ወደ አንድ ሺሕ ሜትር ይሆናል። ሰባ ኩንታል ብረት እዚያ ሲወርድ መሳብ ሳይሆን ወደ ኋላ መያዝ ነው ጭንቁ። ከደላንታ ማዶ ደግሞ በሽሎ ይጠብቃል፤ እንደገና መውረድ፣ እንደገና መውጣት።

በዚያው ሰሞን፣ ሌላ ጓዝ በቀይ ባሕር ዳርቻ በዙላ መራገፍ ጀምሮ ነበር። የእንግሊዝ ጦር ቀዳሚ ጓድ መሬት የረገጠው ንጉሡ ደብረ ታቦርን በለቀቁበት ሰሞን ነው። ሁለቱም ጓዞች ወደ አንድ ተራራ ነው የሚሄዱት።

የእንግሊዙ ጓዝ በሒሳብ መዝገብ የተመዘገበ ነው። የለንደን ምክር ቤት በኅዳር 1867 እ.ኤ.አ. ሁለት ሚሊዮን ፓውንድ ፈቀደ፤ ዲዝሬሊም በገቢ ግብር ላይ ከእያንዳንዱ ፓውንድ አንድ ፔኒ ጨመረ። በዚህም ገንዘብ 13,000 ያህል ወታደር፣ ከዚያ እጥፍ የሚሆን ተከታይ፣ በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠሩ የጭነት እንስሳትና 44 ዝሆኖች ተጓጓዙ፤ ለዙላ ወደብና የባቡር ሐዲድ ተሠራላት፤ የባሕር ውኃ በመርከብ ላይ እየተጣራ ለመጠጥ ቀረበ። እንዲያም ሆኖ ግምቱ አልሠራም። በቅሎዎቹ በውኃ ጥምና በበሽታ እንደ ቅጠል ረገፉ፤ ሁለት ሚሊዮን የተባለው ወጪ መጨረሻ ላይ ወደ ዘጠኝ ሚሊዮን ተጠጋ። ምክር ቤቱ ምን ነክቶት እንዲህ ናረ ብሎ መርማሪ ኮሚቴ እስከ ማቋቋም ደርሷል። «ልዩ ልዩ» የምትለዋ መስመር ለእንግሊዝም አልታዘዘችም።

ከዚህ ሁሉ ቁጥር ውስጥ ልቤን የሚነካኝ አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ብሩ ነው። ናፒየር በማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ከፋይ ሆኖ ነው የመጣው። እንግሊዞች ብሩን ገዝተውና ከቪየና አስመትተው፣ እንደ ስንቅ በእንስሳ ጭነው አመጡት። ጦሩ በትግራይ፣ በዋግና በላስታ ሲያልፍ ለገብሱ፣ ለሣሩ፣ ለማገዶው ይከፍላል። ገበሬው ባዕድ ወታደር ሲመጣ ገበያ አወጣ፤ የገዛ ንጉሡ ወታደር ሲመጣ ግን ከብቱን እየነዳ ገደል ይገባ ነበር። ናፒየርን መንገድ የሰጡት መሳፍንት ሁሌ ይወቀሳሉ። ስለ ገበሬው ግን እምብዛም አንናገርም፤ ምን እንበለው? አንዱ በጅራፍ የሚወስደውን ሌላው በብር ገዛው። ይህንን ስጽፍ ለናፒየር ምስጋና ማቅረቤ አይደለም፤ ብሩን የሰጠው ለራሱ ጉዳይ ሲል ነው። ነገር ግን ከዙላ እስከ መቅደላ ያለውን ወደ 640 ኪሎ ሜትር የሚደርስ መንገድ ጦሩ በሰላም ያለፈው በዝሆን ብቻ አይመስለኝም።

ሌላም አለ። እንግሊዞች ጅጣ ገደል ሲደርሱ የተዘጋጀ መንገድ ጠበቃቸው፤ ንጉሡ ለሴባስቶፖል ያስቆፈሩት መንገድ። የወረዱትም የወጡትም በዚያው ነው፤ መኮንኖቻቸውም አሠራሩን አድንቀው ጽፈዋል። የደብረ ታቦር ሰፈርተኛ በረኀብ የቆፈረው መንገድ ለናፒየር በነጻ ገባለት። ከዘጠኙ ሚሊዮን ውስጥ ለዚያ መንገድ የተከፈለ አንዳች ፔኒ የለም።

የቀረውን አንባቢ ያውቀዋል። ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዕለት፣ ከፋላ አናት የተተኮሱት መድፎች እንግሊዞችን እምብዛም ሳይጎዱ ቀሩ፤ በአሮጌ ሜዳ ወደ ሰባት መቶ የሚሆኑ ወገኖቻችን ወደቁ፤ ከእንግሊዝ ወገን ሃያ ያህል ቆሰሉ፤ ከእነሱም ሁለቱ ሞቱ። ከሦስት ቀን በኋላ ሽጉጡ።

ከዚያ በኋላ ስለ መጣው ሦስተኛ ጓዝ ግን አንድ ነገር ልበል፤ ከመቅደላ ስለ ወረደው። ንጉሡ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ያከማቿቸው የብራና መጻሕፍት፣ ብዙዎቹ ከጎንደር አድባራት የተወሰዱ፣ ከዘውዱ፣ ከጽዋውና ከአልባሳቱ ጋር በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚሆኑ በቅሎዎች ተጭነው ወደ ደላንታ ሜዳ ወጡ። እዚያም ሐራጅ ተባሉ። የብሪታንያ ሙዚየም መልእክተኛ በእጁ ገንዘብ ነበረውና የፈለገውን ገዛ፤ ወደ 350 የሚሆኑት የብራና መጻሕፍት ለንደን ደረሱ። ሐራጁ ያስገኘው 5,000 ፓውንድ ያህል ለወታደሩ ሲከፋፈል ለአንዱ የደረሰው ከአራት ብር ጥቂት ከፍ ይላል። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁም በዚያው ጓዝ ውስጥ ነበሩ፤ እናታቸው እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ ዐረፉ፤ እሳቸውም በ1879 እ.ኤ.አ. በአሥራ ስምንት ዓመታቸው በእንግሊዝ አገር አረፉ።

ናፒየር መቅደላን አቃጥሎ፣ መድፎቹንም ሰባብሮ ተመለሰ። ሴባስቶፖልን ግን የሚወስደው አልተገኘም፤ 44 ዝሆን ያሰለፈ በጀትም ሰባ ኩንታል ብረት በበሽሎና በጅጣ አሻግሮ ዙላ ድረስ ሊያወርድ አልደፈረም። በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የምናየው አምሳያው ነው። ዋናው አሁንም እዚያው ተራራ ላይ ተቀምጧል።