የማቆሚያ ስፍራ በአዲስ አበባ፤ ከበቅሎ ዘመን እስከ የካ አባዶ

የከተሞችን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ስለ መንገዶች አሠራር አብዝተው ይተርካሉ፤ መንገደኛው ካሰበበት ሲደርስ መጓጓዣውን የት ያቆም እንደ ነበረ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ ዛሬ ከየካ አባዶ ማልዶ ተነሥቶ ወደ መሐል ከተማ መኪና ለሚነዳ ሠራተኛ ወይም መምህር፥ የማቆሚያው ጉዳይ ከመንገዱ ጉዳይ አያንስም፤ ከደመወዙ የሚቀነስ ገንዘብ ነውና።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቈርቍራ ሰፈሮቿ በየመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ ሲመሠረቱ፥ አንድ መኰንን ወደ ቤተ መንግሥት ወይም ወደ አራዳ ገበያ የሚወጣው በበቅሎ ተቀምጦ አሽከሮቹን አስከትሎ ነበር። እርሱ ጉዳዩን እስኪፈጽም ድረስ አንዱ አሽከር ልጓሙን ይዞ ይጠብቃል። ዘመድ ሊጠይቅ የሄደም እንደ ሆነ በቅሎዋን የሚያሳስርና ሣር የሚያቀርብ ባለቤቱ ነው። በዚያ ዘመን ማቆሚያ በነጻ ነበር የሚል ሰው ቢኖር፥ ቀኑን ሙሉ በፀሐይና በዝናም የቆመውን አሽከር ዘንግቶታል። ዋጋው ይከፈል ነበር፤ ከፋዩ ግን ባለበቅሎው አልነበረም። በቤተ መንግሥት የፈረስና የበቅሎው ጋጣ አለቃ ባልደራስ ይባል ነበር፤ ይህም ስም ዛሬ በከተማይቱ ምሥራቅ፥ ከመገናኛ ብዙ ሳይርቅ፥ የሰፈር መጠሪያ ሆኖ ይገኛል።

የመጀመሪያውን አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ በብዙ ድካም ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ አመጣ። መኪና ልጓም ያዥ አያሻውም፥ ሣርም አይግጥም፤ ስፍራ ግን ይይዛል። ያን ጊዜ መኪና ያለው ሰው ሰፊ ግቢም ስለ ነበረው ችግሩ ለብዙ ዓመታት አልታየም። በኋላ ሱቁና መሥሪያ ቤቱ በመንገድ ዳር እየተደረደረ ሲሠራ፥ ባለመኪናው ከመንገዱ ጠርዝ አቁሞ መግባትን ለመደ።

በአሜሪካ በኦክላሆማ ሲቲ ይኸው ልማድ ቀደም ብሎ አስቸግሮ ነበር። ሠራተኞች ጧት ያቆሙትን መኪና እስከ ማታ ስለማያነሡት ገበያተኛው ስፍራ አጣ፤ በዚህም ምክንያት በ1927 ዓ.ም. አምስት ሳንቲም እየተቀበለ ጊዜ የሚቈጥር መሣሪያ በመንገድ ዳር ተተከለ። በአዲስ አበባ ግን የመሣሪያውን ሥራ የያዙት በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ናቸው፤ ደረሰኝ ይዘው በመንገድ ዳር ቆመው በጊዜው ልክ ያስከፍላሉ። እንደ እኔ አስተያየት እነዚህ ወጣቶች ከኦክላሆማው መሣሪያ ይልቅ የጥንቱን ልጓም ያዥ ይመስላሉ፤ ልዩነቱም ቀላል አይደለም፥ ለቆሙበት ይከፈላቸዋልና።

ከዚያ ወዲህ በ2009 ዓ.ም. በመገናኛ መኪናን በብረት መደርደሪያ ወደ ላይ እያነሣ የሚያቆም መሣሪያ ሥራ ጀመረ። በ2013 ዓ.ም. እንደ ገና ተሠርቶ የተመረቀው መስቀል አደባባይም ከምድር በታች 1,400 ያህል መኪና የሚይዝ ማቆሚያ አገኘ። ሥራው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን በሰዓት የሚከፈል ዋጋ ለአንድ ጉዳይ ብቅ ብሎ ለሚመለስ ሰው ይስማማል እንጂ፥ ስምንት ሰዓት ሥራ ላይ ለሚውል ሰው ይከብዳል።

ይህም ክብደት በከተማይቱ ዳርቻ ለሚኖረው ይብሳል። በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሥራ እጅግ ብዙ ቤተ ሰብ እንደ የካ አባዶ ወዳሉ ሰፈሮች ወሰደ፤ መሥሪያ ቤቱ ግን በአመዛኙ በመሐል ከተማ ቀረ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የባቡር መሥመርም ከአያት ይነሣል እንጂ የካ አባዶ አይደርስም። ስለዚህ አንዳንዱ የማያስከፍል ጓዳ መንገድ ለማግኘት ገና ሳይነጋ ይወጣል፤ ሌላው መኪናውን በሰፈሩ ትቶ በአውቶቡስ ወይም በታክሲ ሰልፍ ይቆማል። የቀረችውም መኪና በሕንፃዎቹ መካከል ቆማ ትውላለች፤ ለሚጠብቃት ዘበኛ ነዋሪዎቹ በየወሩ ያዋጣሉ።