የገመድ አልባ ኪቦርድና ማውስ ጉድለቶች

ገመድ አልባ ኪቦርድና ማውስ ከኮምፒውተር ጋር በሬዲዮ ሞገድ የሚገናኙ መሣሪያዎች ናቸው። አብዛኞቹ በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ይሠራሉ፤ የሚገናኙትም ዩኤስቢ ላይ በሚሰካ ትንሽ መቀበያ ወይም በብሉቱዝ ነው። ከባለ ገመዶቹ ጋር ሲነጻጸሩ የሚከተሉት ጉድለቶች አሏቸው።

ኃይል፦ ባለ ገመዱ ኃይሉን ከኮምፒውተሩ ሲያገኝ ገመድ አልባው የባትሪ ድንጋይ ወይም ቻርጅ ይፈልጋል። ቅዝቃዜ የአልካላይን ድንጋይን አቅም ይቀንሳል። ስለዚህ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንደምትገኘው ደብረ ብርሃን ባሉ ብርዳማ ከተሞች፣ ሊያልቅ የተቃረበ ድንጋይ ጠዋት ላይ ቀድሞ ሊደክም ይችላል።

የሞገድ ረብሻ፦ ዋይፋይ፣ ማይክሮዌቭ ምድጃና የዩኤስቢ 3.0 ዲስክ በዚያው ሞገድ ላይ ረብሻ ስለሚፈጥሩ የተጫነ ቁልፍ ሊዘገይ ወይም ሊጠፋ ይችላል። በድምፅ ላይ በተመሠረተ የአማርኛ አጻጻፍ አንድ ፊደል ብዙውን ጊዜ ሁለት ቁልፍ ይፈልጋል። «በላ» ሲጻፍ የመጨረሻው ቁልፍ ከጠፋ የሚወጣው «በል» ነው፤ ይህም ትክክለኛ ቃል በመሆኑ ስህተቱ በቀላሉ አይታይም።

ደህንነት፦ እ.ኤ.አ. በ2016 ባስቲል የተባለ የደህንነት ኩባንያ «ማውስጃክ» የተሰኘውን ክፍተት ይፋ አደረገ። ብሉቱዝ የማይጠቀሙ የበርካታ አምራቾች መቀበያዎች ከሩቅ የተላከን ሐሰተኛ የቁልፍ ምት ይቀበሉ ነበር። ኩባንያው በዚያው ዓመት አንዳንድ ርካሽ ኪቦርዶች የሚጻፈውን ሳያመሰጥሩ እንደሚልኩም አሳይቷል።

ሌሎች፦ መቀበያው ትንሽ በመሆኑ በቀላሉ ይጠፋል፤ የሌላ ምርት መቀበያም አብዛኛውን ጊዜ አይተካውም። የብሉቱዝ ኪቦርድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስርዓተ ክወናው እስኪነሣ ድረስ አይሠራም። በዚህ ምክንያት ለጥገና ባለ ገመድ ኪቦርድ በቅርብ ማስቀመጥ ይጠቅማል።