ኦሮአንትራል ፊስቱላ፦ የአፍና የሳይነስ ፊስቱላ

አዳማ ላይ አፍንጫው የታፈነ ሰው ምክንያት ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። 51 ሜጋ ዋት፣ ቀጥሎም 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ የነፋስ ተርባይኖች የተተከሉበት አካባቢ ነውና ነፋሱም አቧራውም እዚያው አሉ። ወደ ሞጆ፣ መቂና ባቱ ቢኬድም «ሳይነሴ ተነሳብኝ» የሚለው ሮሮ ያው ነው። ነገር ግን የላይኛውን መንጋጋ ጥርስ ካስነቀሉ ወይም ካሳከሙ በኋላ ባንድ በኩል ብቻ የሚሸት ንፍጥ ከወረደ፣ ውሃ ሲጠጡም በአፍንጫ ከመጣ፣ ነፋሱን ነጻ ማውጣት ይገባል። ሐኪሞች ኦሮአንትራል ፊስቱላ ይሉታል፤ እኛ የአፍና የሳይነስ ፊስቱላ ብንለው ይበቃል።

ፊስቱላ ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ሬጂናልድ በ1974 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የፊስቱላ ሆስፒታላቸውን ከከፈቱ ወዲህ ግን ቃሉ ከተራዘመ ምጥ ጋር ተጣብቆ ቀረ። በሕክምና፣ መገናኘት የማይገባቸውን ሁለት ቦታዎች የሚያገናኝ ማንኛውም ያልተደፈነ መተላለፊያ ፊስቱላ ነው። «አንትረም» በግሪክኛ ምንጩ ዋሻ ማለት ነው፤ «የጉንጭ ዋሻ» ማለትም ያምር ነበር፣ ሰው ግን ሳይነስን ለምዷል። ሳይነስ ራሱ የበሽታ ስም ሳይሆን በፊት አጥንት ውስጥ አየር የሚይዝ ባዶ ቦታ ነው።

ትልቁ ሳይነስ ከጉንጭ ጀርባ፣ ከላይኛው መንጋጋ ጥርሶች ሥር በላይ ይገኛል። አንዳንድ ሰው ዘንድ በሁለቱ መካከል ያለው አጥንት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነው። ጥርስ ሲነቀል አጥንቱ አብሮ ሊሰበር፣ የተሰበረ የጥርስ ሥርም ወደ ላይ ተገፍቶ ሊገባ ይችላል። ኢምፕላንት የሚባለው ብሎንና ሩት ካናል ሲሠራ የሚሞላው መሙያም እንዲሁ። ይህ ሁልጊዜ የሐኪም ጥፋት አይደለም፤ የአፈጣጠር ጉዳይም አለበት። ባዕድ ነገሩ እዚያ እስካለ ድረስ ግን አንቲባዮቲክ ቢደጋገም ንፍጡ ጋብ ይልና ይመለሳል። ለዚህ ነው ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ የሄደ ሰው፣ ባይጠየቅም፣ የጥርሱን ታሪክ መናገር ያለበት።

ባዕድ ነገሩ ያለበት ቦታ በሲቲ ስካን ከተለየ በኋላ ማውጣት ነው። የቆየውን ዘዴ አሜሪካዊው ጆርጅ ካልድዌል በ1893፣ ፈረንሳዊው ሄንሪ ሉክ በ1897 ለየብቻ ጻፉት፦ ከንፈር ይገለጣል፣ ከክራንቻ በላይ ያለው ድድ ይቀደዳል፣ አጥንቱ ላይ ትንሽ መስኮት ይከፈታል። ኢንዶስኮፕ ባለበት ደግሞ በአፍንጫ በኩል ተገብቶ ይወጣል። ቀዳዳውን የሚዘጋው ብዙውን ጊዜ የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ሲሆን፣ የድድ ወይም የጉንጭ ሥጋ ስቦ ይሰፋበታል። ሳይነሱ ሳይጸዳ መስፋት መግል መቆለፍ ነው።

ከ2 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ትኩስ ቀዳዳ ባብዛኛው ራሱ ይደፈናል፤ ከ5 በላይ ከሆነ ስፌት ይፈልጋል። በሁለቱም ሁኔታ ለሁለት ሳምንት ያህል በኃይል መናፈጥ፣ በስትሮ መምጠጥና ሲጋራ ክልክል ናቸው። ማስነጠስ ከመጣ አፍን ከፍቶ ነው።