ዲሹን ያዞርንበት ዘመን

በ1997 ዓ.ም. የምርጫ ክርክር ሰሞን፣ ሽሮ ሜዳ በምንኖርበት ግቢ ቴሌቪዥን የነበራቸው አከራያችን ጋሼ ብቻ ነበሩ። ማታ ማታ መስኮታቸውን ይከፍቱልናል፤ እኛ ደጅ ዱካ ደርድረን እናያለን። ልደቱ አያሌው ወይም ብርሃኑ ነጋ ሲናገሩ ግቢው በጭብጨባ ይናወጣል። በ1957 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የንጉሡ፣ ከዚያ የደርግ፣ ከዚያ የኢሕአዴግ አፍ ሆኖ የኖረው ኢቲቪ ተቃዋሚን በቀጥታ ሲያሳይ ጉድ ነው አልን።

ጉዱ ዕድሜ አልነበረውም። ግንቦት 7 ማታ፣ ቆጠራው ሳያልቅ፣ አቶ መለስ ዜናዊ በዋና ከተማዋ ሰልፍ ለአንድ ወር መከልከሉን አስታወቁ። ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ መቀመጫዎች በሙሉ ወስዶ ነበር። በሰኔና በቀጣዩ ጥቅምት ተኩስ ሆነ። ኢቲቪ «ሁከትና ብጥብጥ» አለ። በፓርላማ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የደረሰበት ቁጥር ግን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች ነበር፤ ይህንን የሰማነው ከአባላቱ ከፊሎቹ ከአገር ከወጡ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ የመንግሥትን ዜና ማን ይስማ? ኢሳት በ2002 ከአምስተርዳም ሲጀምር ቆርቆሮ ላይ የወጣሁት እኔው ነኝ። ሞገዱ በአንዱ ሳተላይት ሲታፈን ወደ ሌላው፣ ዲሹን እያዞርኩ «መጣ?» እላለሁ፤ ከታች «ትንሽ ወደ እንጦጦ!» ይሉኛል።

አንድ ማታ ጋሼ ሻያቸውን ይዘው መጥተው ትንሽ አዩና «ይኼኛውስ የማን ነው?» አሉኝ።

«የሕዝብ ነዋ!» አልኳቸው፣ እንደ መቆጣት ብዬ። መንግሥት የግንቦት 7 ልሳን ይለዋል፤ ጣቢያው ነፃ ነኝ ይላል። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የግንቦት 7 መሪዎች ሲቀርቡ የሚያስጨንቅ ጥያቄ ሲወረወርባቸው እምብዛም አላየሁም። ይሄ ግን ያኔ አልቆረቆረኝም። ኢቲቪ ላይ ቢሆን ኖሮ እስኪነጋ እሳደብ ነበር።

በግንቦት 2010 በኢሳትና በኦኤምኤን ላይ የነበረው ክስ ተነሣ። ብዙም ሳይቆይ ኢሳት በተራው «ለመንግሥት አደላ» ተባለ፤ ከባልደረቦቹም ከፊሎቹ ወጥተው ኢትዮ 360ን መሠረቱ።

ብርሃኑ ነጋ በ2014 የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ሲሾሙ ዜናውን ያየሁት በኢቢሲ ነው፣ በዚያው በድሮው ኢቲቪ። ጋሼ ከዚያ በፊት አርፈዋል፤ ለጥያቄያቸው ሌላ መልስ አልሰጠኋቸውም።